ሁለት ሚሊ የተባለው ቱቦላሬ

ሰኞ

ወፍራሙን የውሃ ቱቦ አልፈልግም አለች። ዓመት ሙሉ የሱቄን ጥግ ይዞብኝ ስለኖረ ነው ግዢው ብዬ ያግባባኋት፤ ብረት ነጋዴ ነኝ። ፅጌ አየር ጤና ጋራዥ ያላት በያጅ ናት። ከአሮጌ መኪና ሞተርና ጎማ አውጥታ፣ መንገድ በሌለበት የሚሄድ መኪና እየሠራች ነው። እናቷ ወገባቸውን ታመዋል፤ መንደራቸው ድረስ የሚወጣ መኪና የለም።

"ጋሽ ከድር፣ ይሄ ዳገት ላይ ሞተሩን ይገልብኛል። ቀሎ የማይታጠፍ ነው የምፈልገው። ብንገለበጥ እማዬ ውስጥ ናት።"

ለመኪናው አጥንት ክብ ቱቦላሬ፣ የብረቱ ውፍረት ሁለት ሚሊ፣ ስድስት ፍሬ። ነገ አልኳት።

ማክሰኞ

የውፍረት መለኪያ ካሊፐር ይዛ መጣች። ኮልፌ ውስጥ ሁለት ሚሊ ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም፤ ለአጥርና ለበር ማን ይለካል? እኔው ጫፉን ለካሁላት፤ ድፍን ሁለት። ሞረድ አወጣች። መቁረጫው ጫፉ ላይ የተወውን ትራፊ ሞርዳ ደግማ ለካች። አንድ ነጥብ ሰባት።

"ጋሼ፣ ትራፊውን ነው የለኩልኝ።"

ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ሌላ ደንበኛ አልሰማም። ስንት ዓመት ጫፍ ጫፉን ስለካ ኖሬአለሁ!

ረቡዕ

ሱቁን ዘግቼ አብሬያት ዞርኩ። አመራረጧን ለማየትም ጭምር። መጀመሪያ የውስጡን ስፌት በባትሪ ታያለች። ከዚያ ቁራጭ ታስቆርጥና በብረት መጨበጫው ሞርሳ እስኪደፈጠጥ ትጨምቀዋለች። ስፌቱ ከተሰነጠቀ፣ አመሰግናለሁ ብላ ትወጣለች። ሁለት ሱቅ እንዲህ አለፍን። ትክክለኛው የተገኘው ከእኔው ሱቅ ፊት ለፊት፣ ተፎካካሪዬ ዘነበ ጋ!

"ከድር፣ ደንበኛ ታመጣልኝ ጀመር?" አለና ሳቀብኝ። ዋጋውን እኔ ተከራከርኩላት። ቢያንስ ክርክሩን አልለቀቅኩም።

እሑድ

ጋራዧ ሄድኩ። ሳምንት ሳይሞላ የመኪናው አጥንት ቆሟል፤ ብየዳው እንደ ጥልፍ ነው። የሁለት ሰው ክብደት ያህል አሸዋ በጆንያ ሞልታ ወንበሮቹ ላይ አሰረች። አራት ሰዎች ከአፈር ቁልል ጫፍ ገፍተው ለቀቁት። ተገለበጠና በጣሪያው አረፈ።

ቀና ሲያደርጉት ብየዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። አንድም አልተከፈተም። የግራው ጎን ትንሽ ጎብጧል፤ እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች፣ ድጋፍ ይጨመርበታል። ከዚያ ጆንያውን አውርዳ በእናቷ ቦታ ተቀመጠች። በጭንቅላቷና ከላይ ባለው ቱቦላሬ መካከል መዳፏን አስገባች። ለአንድ መዳፍ ብቻ ቦታ አለ።

"ይበቃል። እማዬ ከኔ ታጥራለች" አለች።