ሦስተኛው ሼል ሳይሞላ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ አፌን አስይዛኝ ሄደች።

ኤሌክትሮኖች በአቶም ዙሪያ እንዴት እንደሚሰፍሩ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጠቅሰው መናኸሪያችንን ነው። አንዱ ሚኒባስ ሳይሞላ ቀጣዩ አይጭንም። የመጀመሪያው ሼል ሁለት፣ ሁለተኛው ስምንት፣ ሦስተኛው አሥራ ስምንት ይይዛል። ስንት ዓመት እንዲህ ብያለሁ!

የፈተና ወረቀት መልሼ ስወጣ ጫልቱ ተከተለችኝ። የፖታሲየምን አሥራ ዘጠኝ ኤሌክትሮኖች 2፣ 8፣ 9 ብላ ደልድላ ኤክስ አድርጌባታለሁ።

«መልሱ 2፣ 8፣ 8፣ 1 ነው» አልኳት።

«ቲቸር፣ ሦስተኛው አሥራ ስምንት ይይዛል ብለውን የለ? አባቴ ተራ አስከባሪ ነው። ስምንት ሰው ብቻ ተሳፍሮ ሌላው መኪና መጫን ቢጀምር ዝም አይልም። እዚህ ማን ፈቀደለት?»

ክው አልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ አመለጥኩ።

ቤት ገብቼ ሳስበው የባሰ ደነገጥኩ። ከክፍሉ ሁሉ እኔ ባስተማርኩት መንገድ የሠራችው እሷ ብቻ ናት። ራይት ያደረግኩላቸው በሙሉ እንደ እኔ የሸመደዱ ናቸው።