መርዶ ነጋሪዎቹ የመጡ ለት

ወይንዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ጠፍቶ አይደለም፤ ግማሽ ወሬ ልነግርሽ ስላልፈለግኩ ነው። አሁን ሙሉውን ይዣለሁ፦ ልጃችን ሚኪያስ ከግንባር ተመልሷል። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ግን እጁም እግሩም ደህና ነው። ይህን ስጽፍልሽ ክፍሉ ውስጥ ተኝቷል።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። የቧንቧ ቆፋሪዎች ግን በራችን ላይ ቦይ ቆፍረው ሳይደፍኑት ሄዱ። እኔ በየቀኑ ስጮህ ልጅሽ አየውና ሳቀ፤ ምሽጋችን ይህን ያህል ብቻ ቢጠልቅ ኖሮ አንዳችንም አንተርፍም ነበር አለ።

ስታርፊ አልነገርነውም። ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ጠመንጃ ለያዘ ልጅማ ጭራሽ፣ አሉኝ የእድሩ ሽማግሌዎች። እነሱ ጋ ኔትወርክ ያለው ኮረብታ ላይ ብቻ ስለነበር በወር አንዴ ቢደውል ነው። አንቺን ሲጠይቀኝ ጸበል ሄዳለች፣ ቤቴል ሰፈር እህቷ ጋ ናት እል ነበር። ውሸት እንዴት እንደምጠላ ታውቂያለሽ። ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እቆጣ ነበር።

የመጣ ለት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ሸምሱ አየር ጤና ከአውቶቡስ ሲወርድ አይተውት ቀድመው ደወሉልኝ። ዛሬ እንዳትነግረው፣ ይብላ፣ ይረፍ፣ ጎህ ሲቀድ እኛ እንመጣለን አሉኝ። ልጁ ከሞት ጋር ጎረቤት ሆኖ ከርሞ አሁን ሰዓት እንመርጥለታለን ወይ ብዬ ጮኽኩባቸው። በኋላ ግን እሺ አልኩ፤ እኔም ብሆን አፌ አይታዘዘኝም ነበር። ሚኪያስ ገብቶ አቀፈኝ፣ በላ፣ ተኛ። አንቺን አልጠየቀኝም። ደክሞት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያንኳኩ የከፈተላቸው እሱ ነው። ገና አፍ ሳይከፍቱ፣

«ለእናቴ ከሆነ ግቡ፤ እኔ አልቅሼላታለሁ» አላቸው።

ጋሼ ሸምሱ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አውርደው ገቡ። ወንበር የሳበላቸውም ልጅሽ ነው።

እንዴት እንዳወቀ ነገረን። አንድ ቀን በስልክ ምን በላህ ብዬ ጠይቄው ኖሯል። ይህ የአንቺ ጥያቄ ነበር። የሄደ ለት እንኳ አንቺ በሶ ስትቋጥሪለት እኔ ሻንጣው በሥርዓት አልተያዘም ብዬ ስነዘንዝ ነበር። እናቴ ብትኖር አባቴ ስለ ምግብ አይጠይቀኝም ብሎ ስልኩን ዘግቶ ወደ ምሽጉ ወረደ።

ምሽጉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው የሚተኙበት፣ ሲዘንብ ውሃውን በጣሳ የሚቀዱበት፣ ቅማል የማይጠፋበት ጉድጓድ ነው። ቀና ማለት አይቻልም። ጮኾ ማልቀስም አይቻልም፤ ማዶ ያለው ይሰማል። ጓደኞቹ የጥይት ሳጥን ደርድረው ለቅሶ ተቀመጡለት። ሦስት ቀን የጥበቃ ተራውን ተካፈሉለት። ስኳራቸውን አዋጥተው ሻይ አፈሉ፣ ኮቾሮ የሚሉትን ደረቅ ብስኩት በሻይ እያራሱ ትንሽ ቅመስ ብለው ለመኑት። አንድ የጅማ ልጅ ዱዓ አደረገልሽ፤ ሌላው ውዳሴ ማርያም በሹክሹክታ ደገመልሽ። ሰው ተሰብስቦ ካየ የሚቆጣው አስር አለቃቸው መጥቶ አብሯቸው ተቀመጠና ስምሽን ጠየቀ።

ወይንዬ፣ መርዶውን ብቻውን ሆኖ ይሰማል ብዬ ነበር ስቃጠል የከረምኩት። ወደ ጓሮ ወጥቼ እፎይ አልኩ። ካረፍሽ ወዲህ ያለ ቁጣ ያለቀስኩት ያን ለት ነው።

ሽማግሌዎቹ የሙት ዓመትሽን ቀን ሊቆርጡ ሲሉ ሚኪያስ እምቢ አለ። ጓደኞቹ ፈቃድ አግኝተው እስኪመጡ ይቆይ፣ እነሱም ለቀስተኞቿ ናቸው አለ። አምስት ደቂቃ የዘገየ እንግዳ የምወቅሰው ባልሽ ይሁን አልኩ። ስለዚህ ቀኑ ቢያልፍ ረሱኝ እንዳትይ። መጥተው እዚህ ሳሎን ሲቀመጡ በምን ትስቂ እንደነበር፣ ምን እንደምትወጂ፣ የእኔን አመል እንዴት እንደቻልሽው አንድ ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። ያለቀሱላት ሴት ማን እንደነበረች ማወቅ ይገባቸዋል።

ባልሽ