ከውስጥ የተሰፋው መስኮት

መስከረም 8

በዚህ ሰፈር ትንኝን ድል ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። እሺ… ሁሉንም አይደለም። በእኛ መስኮት የምትገባዋን ብቻ። እሷንም ድል የማደርጋት ነገ ነው። መረቡ ገና ከጥቅሉ አልተፈታም።

የማታ ትምህርቱ አለቀ። አስተማሪዋ «በየቀኑ ጻፉ፤ ማንም አያነበውም» ብላናለች። ማንም ካላነበበው ለማን ልጎርር? ለራሴ። ለራሴ ጎርሬ አላውቅም፤ ጊዜ አጥቼ ነው።

ፍራሽ ሰሪ ነኝ። (ይህችን ሦስት ጊዜ ጻፍኳት። ታምራለች።)

ዛሬ የጤና ሠራተኛዋ መጣች። የባለቤቴን ሆድ አየች፣ መስኮታችንን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «ስምንተኛ ወሯ ነው። አጎበሩ ለተኛች ጊዜ ነው፤ አመሻሽ ላይ ቁጭ ስትልስ?» አለችና ይህን መረብ ሰጠችኝ። ባለፈው ዓመት ወባ በሆዷ የነበረውን ወሰደብን።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

መስከረም 9

ሰፋሁት! ሚስማር ማንም ይመታል። እኔ ግን በመስኮቱ ዙሪያ ሸራ አድርጌ፣ መረቡን በፍራሽ መርፌ ሸራው ላይ ሰፋሁት። ድርብ ስፌት። (ሸራው የተያዘው በሚስማር ነው። እሱ አይቆጠርም።) «ይህ ስፌት የልጅ ልጄን ያያል» አልኩ።

«ሙያ በልብ ነው» አለች ባለቤቴ፤ «ያንተ ግን ወደ አፍህ ወጥቶ ቀረ።» ሳቀች ግን። ካሳቀኳት ስንት ጊዜዬ ነው?

ከዚያ ጎረቤታችን መጣች። መስኮታችን በሷ ግቢ በኩል ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እሷና ባለቤቴ በዚያች መስኮት ሽንኩርት፣ ክብሪት፣ መቀስ፣ ወሬ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ከድምጿ የተነሳ በሆዴ «ጥሩምባ» እላታለሁ። በአፌ እትዬ ናት። ዛሬም ሽንኩርት ይዛ እጇን ሰደደች… መረቡ መለሳት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ብዙ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን…

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መስኮት ዝንብም ወሬም አይገባም!»

«ዝንቧ እኔ ነኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ ቀልድ ነው…»

«ስድስት ዓመት ሽንኩርት ያቀበልኩህ ዝንብ ሆኜ ነው በለኛ!»

ሽንኩርቷን ይዛ ሄደች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ ራስ እንኳ ይታወቃል፤ ከፊት ጀምሯል።

አመሻሽ ላይ

ጉድ ፈላ። ደመናው ሲጠቁር መስኮት ልዝጋ ብዬ ተነሳሁ። መዝጊያዎቹ የሚከፈቱት ወደ ውጭ ነው። መረቡ ያለው ከውስጥ። የሰፋሁትም መዝጊያዎቹ ወለል ብለው እንደተከፈቱ… እጄን ሰደድኩ። መረቡ እንደ ትንኝ መለሰኝ።

«አንተ» አለች ባለቤቴ ከአልጋው ላይ።

«አቤት።»

«መስኮቱ በምን በኩል ነው የሚዘጋው?»

«በውጭ።»

«ውጭው የማን ነው?»

«የ… እትዬ።»

 

መስከረም 10

ስፌቱን ልፍታ ብዬ ጫፉን ብነካው መረቡ ይተረተር ጀመር። ተውኩት። ጤና ጣቢያው ሌላ መረብ የለውም፤ እስኪመጣ ጠብቁ ነው። መረቡን አንስቼ ትንኝ ላስገባ? ወይስ ትቼው ዝናብ ላስገባ?

የእትዬን በር አንኳኳሁ። ከውስጥ ጥሩምባው ተነፋ፦ «ዝንብ በር አያንኳኳም!»

መስከረም 11

አልጋውን ወደ ጥግ ገፋሁ። ዝናቡ ተከተለን። ባለቤቴ ቤቷ ውስጥ ጃንጥላ ይዛ እራት በላች። «ስፌቱ ግን ውሃ እንኳ አልበገረውም» አልኳት። ጃንጥላውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

ዘዴ አልጠፋኝም። የፍራሽ መርፌዬ ላይ ክር አስሬ በመረቡ አሾለክኋት፤ የመዝጊያውን እጀታ ጠልፌ ልጎትት። ክሩ ከእጄ አመለጠ። መርፌዬ እትዬ ግቢ ወደቀች። የአሥራ አንድ ዓመት መርፌ!

መስከረም 12

አንዲት ትንኝ ውስጥ ቀርታለች። መውጫ አጣች። አሳድጄ ገደልኳት። ትንሽ አዘንኩላት፤ እሷንም ያስገባኋት እኔው ሳልሆን አልቀርም።

መስከረም 13

በሕይወቴ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ጻፍኩ። መረቡ ላይ ወደ ውጭ አዙሬ ለጠፍኩት፦ «ለትንኝ መግባት በጥብቅ ክልክል ነው።» እትዬ ለሰፈሩ ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። «ትንኟ ማታ ትማራለች እንዴ?» አለች። ለኔ አይደለም፤ ለሰማዩ።

ባለቤቴን ዛሬ በረዳት። ወባ ይሆን? ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ወባ አይደለም አሉ፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው። 

መስከረም 15

ነገሩ ተፈታ! ዛሬ አጥሩ ድረስ ሄድኩ። ደረቴን ነፋሁ። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሲመሽ ትዘጊያለሽ፣ ሲነጋ ትከፍቻለሽ» አልኳት። እንደ ወንድ። «እሺ፣ ጌታዬ» አለች። ይኸው ነው። ሰው ማናገር ማወቅ ነው።

መስኮቱ ተዘግቷል። ደረቅ ቤት ውስጥ ነው የምጽፈው።

ጥቅምት 2

ለሰው ሁሉ የሚነጋው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ለኛ እትዬ ስትነቃ። ትናንት ተኝታ አረፈደች፤ ቁርስ በሻማ በላን።

በመረቡ በኩል ለባለቤቴ ትእዛዝ ትሰጣለች። «ልጄ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ!» «ልጄ፣ ውሃ ጠጪ!» እኔ «እንደምን አደርሽ፣ እትዬ» ስላት እኔን አልፋ ግድግዳውን ታያለች። «መረቡ ወሬ አያስገባም ተብሏል።»

በሩም ነገር አለው። ትንኝ መስኮት ሲዘጋባት በበር እንዳትዞር መቀርቀሪያ ገጠምኩ። እኔ ስወጣ ባለቤቴ ወዲያው ከውስጥ ትቀረቅራለች። የቤቱ ሕግ ነው። ሕግ አውጪው እኔ።

ጥቅምት 17

ቸኩዬ ስለምጽፍ ፊደሉ ይንጋደድ።

ጠዋት ሱቅ ጥጥ እየነደፍኩ ስልክ ጮኸ። የጤና ሠራተኛዋ፦ «ቶሎ ና!» ጥጡ ፀጉሬ ላይ እንዳለ ሮጥኩ። የቤቴን በር ገፋሁ። ተቀርቅሯል! ከውስጥ የሰው ድምፅ… ብዙ ሰው። እንዴት ገቡ?

የእትዬ በር ክፍት ነበር። በግቢዋ ዞርኩ። መረቡ ከላይ እስከ ታች ተቀዷል። ቀዳዳው ቁልጭ ያለ የእትዬ ፎቶ ነው፤ ትከሻው ሳይቀር።

እትዬ ልብስ እያሰጣች ሳለ የባለቤቴን ሲቃ ሰማች። ባለቤቴ ተነስታ መቀርቀሪያውን መክፈት አልቻለችም። እትዬም መቀሷን አመጣች፣ ቀደደች፣ ገባች። የጤና ሠራተኛዋን በስልክ ጠራች፤ እሷም በመስኮት ገባች። እኔም በመስኮት ገባሁ። በሩን መክፈት ለማንም ትዝ አላለውም።

ሴት ልጅ። የታጠፈ ጆሮ አላት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሁለቱም ደህና ናቸው። (ይህችንም ደግሜ ልጽፋት።)

የጤና ሠራተኛዋ ማስታወቂያዬን አንብባ ስትስቅ መሀረብ ፈለገች። እትዬ ልጄን ታቅፋ ዞረችብኝ።

«ጥጥህን አራግፍ፣ አንተ ጉረኛ። ልጅ ልትይዝ ነው።»

አናገረችኝ!

በኋላ ስፌቱን መረመርኩ። አንዲት ክር አልተበጠሰችም። የተቀደደው መረቡ ነው። ይህ ይታወቅልኝ።

ጥቅምት 20

አዲስ መረብ መጣ። እትዬ ከመቀነቷ የፍራሽ መርፌዬን አወጣች። ዝጋለች መስሎኝ ነበር፤ ዘይት ተቀብታለች። «እንካ። አሁን ደግሞ ተምረህ ስፋ።»

ሰፋሁ። ከታች በኩል እንደ ሸሚዝ በፍራሽ ቁልፍ የሚቆለፍ የእጅ መግቢያ ተውኩ። ሽንኩርት ያሳልፋል፣ ክብሪት ያሳልፋል። ወሬም። የኔንም እጅ ያሳልፋል፤ መስኮቱን ራሴ መዝጋት እችላለሁ። ግን አልዘጋም። ሲመሽ የእትዬን ኮቴ እንጠብቃለን፣ ሦስታችንም።

አሁን አንድ ነገር። ይህን ደብተር ማንም አያነበውም ተብሏል። ልጅ ግን ያድጋል፣ ፊደል ይቆጥራል፣ የአባቱን ሳጥን ይበረብራል። ስለዚህ መስከረም 15 ላይ የጻፍኩትን ላርም። ሌላው ሁሉ እውነት ነው።

አጥሩ ድረስ አልሄድኩም። ደረቴንም አልነፋሁም። መረቡ ጋ ቆሜ «ይቅርታ፣ እትዬ» ማለትን እለማመድ ነበር። ዝናቡ ጀመረ። እትዬ ጆንያ ራሷ ላይ ጥላ መጣች። ማንም ሳይጠራት። አንዱን መዝጊያ ዘጋች። ሁለተኛውን ልትዘጋ ስትል በክፍተቱ አየችኝ። «እሺ፣ ጌታዬ» አላለችም።

«ለልጄ ነው» አለች፤ «ላንተ አይደለም።»