ትህትና ባሕሩን አልዘጋችም

ይድረስ ለጋሼ ሀቢሶ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለህ? የባለቤትህ የየሻሽወርቅ ስኳር እንዴት ሆነ? ኮሮናው ሰፈራችሁ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እባክህ ገበያ ስትወጣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን። እኛ እዚህ ኮዝሞ ሲቲ ተመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ኪዱ በጥር ታሞ አስጨንቆን ነበር፤ ዛሬ ስፓዛ በሚሏት ትንሿ የሰፈር ሱቃችን ውስጥ ቆሞ ከደንበኛ ጋር በዙሉኛ ይቀልዳል።

የምጽፍልህ ስልኬን ስለማታነሳ ነው። ስምንት ወር ሙሉ! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አፌ አላርፍ ብሎ። ክልክል ቦታ ገባህ ተብለህ መረብህን በተቀማህበት ሰሞን፣ “ልጄ ትህትና እኮ ባሕር ልታዘጋ ነው” ብዬ ጉራዬን ነዛሁብህ። አንተም “እነዚህ መስመር የሚያሰምሩት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ዓሣ አስጋሪ ጠይቀው ያውቃሉ?” ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ። ትህትና ከጎኔ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር።

ሥራዋን ያኔ አጣምሜ ስለነገርኩህ አሁን በደንብ ልንገርህ። ካሜራ ከብረት ጋር አስረው፣ የተፈጨ ሰርዲን አንጠልጥለውበት ባሕር ውስጥ ያወርዱታል። ዓሣው ሽታውን ተከትሎ ሲመጣ ይቀረጻል። ሰው ከቤት እንዳይወጣ ሲከለከል የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ፊልሙን ላከላትና ከሱቁ ጀርባ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስትቆጥር ከረመች። እኔም ላግዛት ብዬ ስድሳ ቆጠርኩ። ሳቀችብኝ፤ ለካ ያው ዓሣ እየዞረ ይመለሳል። እነሱ የሚጽፉት በአንድ ጊዜ አብረው የታዩትን ብቻ ነው፣ ዘጠኝ ነበሩ። እውነቷን ነው፤ ጎጎ የምንላት አሮጊት ጎረቤታችን በቀን አራቴ ዳቦ ልትገዛ ትመጣለች፣ አራት ደንበኛ አልላትም።

የምታጠናው ዓሣ የማይሰገርበት የጥበቃ መስመር የት ይለፍ የሚለውን ነው። ያንተን ቃል ከሰማች በኋላ ሁለት ቀን ቆይታ ስለ ሐይቃችን ጠየቀችኝ። ዓሣ በሚራባበት ወር ቄጠማው ውስጥ መረብ እንደማይጣል፣ ቦታውንም የመረጡት የሐይቁ ዳር ሽማግሌዎች እንደሆኑ፣ አባታችንም አንተም ይህን ጠብቃችሁ እንደኖራችሁ ነገርኳት። መምህሯ ጋ ደውላ “አስጋሪዎቹ ሳይጠየቁ መስመር አላሰምርም” አለች። ሊያስመርቃት የሚገባውን ሰው ትሞግታለች! ትምህርቷ ቀረ ብዬ ስንት ቀን እህል አልቀመስኩም። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰች አንተው ታውቃለህ።

ተፈቀደላትና የዚያን ባሕር ዳርቻ አስጋሪዎች አንድ በአንድ በስልክ አነጋገረች። እንደነገሯት፣ የታሰበው መስመር አቅም የሌላቸው ሰዎች በትንሽ ጀልባና በመንጠቆ የሚያሰግሩበትን ዳር ይወስድባቸው ነበር። ትልልቆቹ ዓሦች ለመራባት የሚሰበሰቡበትን ጥልቅ ድንጋያማ ቦታ ደግሞ ከጥበቃው ውጭ ትቶታል። ካሜራ ወርዶ ሲታይ እንዳሉት ሆነ። ዳሩ ለሰዎቹ ይቅር፣ ጥበቃው ወደ ድንጋዩ ይዛወር ብላ ጻፈች። መንግሥት መቀበሉ ገና ነው፤ መምህራኑ ግን በማዕረግ አሳለፏት። ኩራቴን እንዴት ብዬ ልንገርህ! ከነጭንብሌ እልል ብዬ ደንበኛ አስደነገጥኩ።

የጥናቷን አንድ ገጽ አብሬ ልኬልሃለሁ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ ያንብቡልህ። ከመምህራኑ ሁሉ በፊት የምታመሰግነው አንተን ነው፦ “ለአጎቴ ለሀቢሶ፣ የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪ፤ መስመር ከማስመሬ በፊት ሰው መጠየቅ እንዳለብኝ ላስተማረኝ።”

የሻሽወርቅን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ፣ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ በላት። ማራኪ በትምህርቷ እንድትበረታ፣ ኦሊያድም ሳያስፈቅድ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ አክስታችሁ ብላለች በላቸው። ጎረቤትህን ዱካሞን ከነቤተሰቡ ሰላም በልልኝ። ኪዱም እጅ ነሥቷል።

ትህትና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ራሷ ትደውልልሃለች። እኔን እንደተቀየምከኝ ቆይ፣ የእሷን ግን አንሳላት።

እህትህ ሸዋአየሁ
ኮዝሞ ሲቲ፣ ጆሃንስበርግ
ግንቦት 11 ቀን 2013 ዓ.ም.