ወፍጮው የማይፈጭበት ቅዳሜ

ጥር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬም ፎቶ ኮፒ። ጠዋት መታወቂያ፣ ከሰዓት የፈተና ወረቀት። ወደ ማምሻው ማሽኑ ወረቀት ጎርሶ አልለቅ አለ። እትዬ ሥራነሽ፣ የሱቁ ባለቤት፣ «ቀስ ብለሽ ሳቢው፣ እንዳትሰብሪብኝ» እያሉ ከጀርባዬ ቆሙ። (ለማን ነው የማስተዋውቃቸው? ለራሴ?)

ከቴክኒክና ሙያ በኔትወርክ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን ያገናኘሁት ነገር ቢኖር የማሽኑን ሶኬት ከግድግዳው ጋር ነው።

ልንዘጋ ስንል ገዳሙ ባጃጁን በሩ ላይ አቁሞ ገባ። አብረን ነው የተመረቅነው። እሱ ባጃጅ ላይ ቀረ፣ እኔ እዚህ።

«መቅዲ፣ የወጣት ማዕከሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር አለ። ዐሥር። ላስቲኩ እንኳ አልተፈታም።»

ሰው አድርሶ ሲመለስ በመስኮት አየ። ዐሥር ኮምፒውተር… በላስቲክ… ዛሬ እንቅልፍ የለም።


ጥር 5፣ ሐሙስ

ማዕከሉ ሄድን። ኃላፊው አቶ ኃይለ ሚካኤል ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ «ዕቃ ካልተነካ አይበላሽም» የሚል ሃይማኖት አላቸው።

ገዳሙ ምላሱ ቅቤ ነው። «ጋሼ፣ ውድድር እናዘጋጅ። የእኛው የማርቆስ፣ የአማኑኤልና የቁይ ከተሞች ወጣቶች። ከፊሉ የራሱን ኮምፒውተር ይዞ ይመጣል፣ ሁሉንም በገመድ እናያይዛለን፣ እርስ በርስ ይጋጠማሉ።»

«ምን ይጋጠማሉ?»

«ኳስም አለ፣ ተኩስም አለ።»

«ተኩስ?»

«በኮምፒውተር ውስጥ ነው ጋሼ።»

ከዚያ እኔን እያዩ፦ «አንድ ቀን እሰጣችኋለሁ። በሰላም ካለቀ ክፍሉ ቅዳሜና እሑድ ይከፈታል፣ ያዥዋም አንቺ። እንግዶቹ ኔትወርክ ጠፋ፣ መብራት ሄደ እያሉ አጉረምርመው ከወጡ ግን ኮምፒውተሮቹ ወደ ላስቲካቸው፣ ክፍሉም ለፑል ቤት። ጠያቂው ብዙ ነው።»

አንድ ቀን። ከዚያ ወይ ኔትወርክ፣ ወይ ዕድሜ ልክ ፎቶ ኮፒ። እግሬ መሬት አልነካም ስመለስ… ያዥዋ አንቺ! እንዲህ ነው ያሉት?


ጥር 7፣ ቅዳሜ

ሙከራ። ኮምፒውተሮቹ ደህና ናቸው። ሁለቱ ብቻ አልነሳ ብለው ነበር፣ ገዳሙ በቡጢ መታቸውና ተነሱ። (አስተማሪያችን ባዩ ያለቅሱ ነበር።) አራቱን ከስዊች ጋር አያያዝኩ። ስዊች ማለት ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙባት ትንሽ ሣጥን ናት፣ መልእክት ከአንዱ ተቀብላ ለሌላው የምታደርስ። መብራቶቿ ብልጭ ብልጭ አሉ። ጨዋታው ተጀመረ። ገዳሙን ገና አንድ ጎል እንዳገባሁበት…

ግርርርር።

የጎረቤት ወፍጮ ተነሳ። አምፖሉ ቀላ፣ ስዊቿ ጠፍታ በራች፣ ኮምፒውተሮቹ እንደገና «እንኳን ደህና መጡ» ማለት ጀመሩ። ደግመን ጀመርን። ደግሞ ግርርርር። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ወፍጮው ሲቆምና ሲነሳ ዋለ።

«ኔትወርካችን ዱቄት ሆነ» አለ ገዳሙ።

ጎሌም አልተመዘገበችም።


ጥር 8፣ እሑድ

የወፍጮው ባለቤት ጋ ሄድኩ። ጋሽ አበባው። እስከ ቅንድባቸው ድረስ በዱቄት ነጭ ናቸው፣ በሰንበት እንኳ አይለቃቸውም።

«አንድ ቅዳሜ ብቻ ይዝጉልን።»

«ገበያተኛው እህሉን ተሸክሞ ይመለስ ነው የምትይኝ?»

እውነታቸውን ነው። እሑድ እንዳናደርገው ደግሞ የጥር እሑድ ሁሉ ማዕከሉ በሠርግ ተይዟል። አንገቴን ደፍቼ ልወጣ ስል ከኋላዬ፦

«እኔ ወፍጮ የማላስነሳው ለሰንበትና ለማርያም ነው፣ ልጄ። ሌላ ቀን አትጠይቂኝ።»

ማርያም… ማርያም መቼ ናት? ጥር ሃያ አንድ። አስተርእዮ። ምን ቀን ይውላል? በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

ቅዳሜ!

እዚያው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ዘለልኩ። ጋሽ አበባው አማተቡ።


ጥር 9፣ ሰኞ

የቀረው አባ ናቸው። የመሪጌታ ወልደ ሚካኤል ልጅ በአስተርእዮ ማርያም ሳታስፈቅድ ገመድ ብትዘረጋ ወሬው እሳቸው የሚያስተምሩበት ቅኔ ቤት የሚደርሰው እኔ ቤት ሳልደርስ ነው።

ከራት በኋላ ነገርኳቸው።

«በማርያም ዕለት?»

«ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ አባ።»

«ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?»

ወይ ጣጣ። ሥራ ነው ካልኩ በዓል መሻር ነው። ጨዋታ ነው ካልኩ…

«ጨዋታ ነው» አልኩ።

«ጨዋታ ከሆነ ማን ይከለክላል። ግን ገመድ መቁረጡም፣ መሳቡም፣ መቸንከሩም በዋዜማው ይለቅ። በዕለቱ እጅሽ መሣሪያ እንዳይነካ።»

ፈቃድ አገኘሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ታዲያ ምን ሆድ ያስብሰኛል? የተማርኩትን ሁሉ በራሴ አፍ ጨዋታ አልኩታ።


ጥር 11፣ ረቡዕ

ጥምቀት። ታቦት እየሸኙ ስለ ኬብል ማሰብ ኃጢአት ይሆን? ዲያቆናቱ በሁለት ረድፍ ሲቆሙ የስዊች ቀዳዳ መሰሉኝ። ይቅር ይበለኝ።


ጥር 14፣ ቅዳሜ

እጄ አበጠ፣ ግን ደስ ይላል። የኬብል ጫፍ ስሠራ ዋልኩ። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ በቀለማቸው ደርድሮ፣ አስተካክሎ ቆርጦ፣ በመቆንጠጫው ቀጭ! አንዷ ቀለም ቦታዋን ከሳተች ኬብሉ ደንቆሮ ነው። ገዳሙ የሠራቸው ግማሾቹ ደንቆሮ ናቸው። አልነገርኩትም፣ ቆርጬ ደግሜ ሠራኋቸው።

ለየኮምፒውተሩ የየራሱን ቁጥር ሰጥቼ በፕላስተር ለጠፍኩ። «ሁለት ኮምፒውተር አንድ ቁጥር ከያዘ ሁለቱም ደጅ ያድራሉ» ብዬ ለገዳሙ ባስረዳው፣ «እንደ እኔና እንደ ወንድሜ ጫማ» አለ። ገብቶታል።

መብራት እልም ቢል እንኳ ስዊቾቹ እንዳይጠፉ የእትዬ ሥራነሽን ዩፒኤስ ለመንኩ። ሰጡኝ። «ባትሪው ከተበላሸ ግን ማሽኑን አንቺ ላይ ነው የምሰካው።»


ጥር 20፣ ዓርብ፣ ዋዜማ

እንግዶቹ ገቡ! ሆዴን እስኪያመኝ ነው የሣቅሁት።

ከአማኑኤል የመጣችው ሂዊ ናት። በተኩሱ ጨዋታ ወንዶቹ ሁሉ የሚፈሯት ልጅ። ኮምፒውተሯን በጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የመጣችው። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት እናት «አጥቢው እንጂ፣ ድምፁም አይሰማ» አሏት አሉ። የቁይ ልጆች ደግሞ የነሱን በማዳበሪያ ከረጢት፣ እንዳይጋጭ ዙሪያውን ጭድ ጎዝጉዘው። ስንከፍተው ጭዱ ውስጡ ድረስ ገብቷል። ገዳሙ እፍ እያለ «ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ በሬ?» ይላል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉን ዘረጋሁ። ሁለት ስዊች፣ አንዱ በዚህ ግድግዳ አንዱ በዚያ፣ መሃላቸው አንድ ዋና ኬብል። ዋናው ቢበጠስስ? ነገ መሣሪያ መንካት የለም። ስለዚህ ከጎኑ ሌላ ትርፍ ኬብል አኖርኩ። አንድ ጫፉ ተሰክቷል፣ ሌላው ጫፍ ሥራ ፈትቶ ጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ ተኝቷል። ዋናው ከከዳን እሱን ብድግ አድርጎ መሰካት ብቻ ነው። ብልጥ ነኝ። እውነት ብልጥ ነኝ!

የሚያሰጋኝ የሰው እግርና እጅ ነው። የሚነቅል። በየግድግዳው «ኬብል አትንቀሉ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ፎቶ ኮፒ ለዚህ ጠቀመኝ።


ጥር 21፣ ቅዳሜ

በተራ ልጻፈው።

ከቅዳሴ መልስ ጀመርን። ሁሉም የክት ልብሱን እንደለበሰ ነው፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ይተኳኮሳል። ወፍጮው ጸጥ። አምፖሉ ንቅንቅ አይልም። ጋሽ አበባው ራሳቸው ታጥበው መጡ፣ መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። አቶ ኃይለ ሚካኤል በሩ አጠገብ ክንዳቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። እኔ በሁለቱ ስዊቾች መካከል እመላለሳለሁ። መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ… እያንዳንዷን በስም ልጠራት ምንም አልቀረኝም። ሂዊ የቁይን ልጆች ስታራግፋቸው አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቴ አላውቅም።

ከዚያ ቀጥ።

ሁሉም ስክሪን በአንዴ። የሂዊ ጥይት አየር ላይ ቀረ። ስዊቾቹን ባይ መብራቶቹ በሙሉ አንድ ላይ፣ ያለ ዕረፍት፣ እንዳበዱ ይርገበገባሉ። መብራት አለ። ዩፒኤሱ ደህና። ዋናው ኬብል በቦታው። ስዊቾቹን አጥፍቼ አበራሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ያው። «ምን ሆነ?» «አበቃ?» «ድሮም…» ከቁይ ልጆች አንዱ ከረጢቱን ማራገፍ ጀመረ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ከወንበራቸው ተነሱ።

ፑል ቤቱ ታየኝ፣ እውነቴን ነው፣ ጠረጴዛው ሳይቀር።

በርከክ አልኩ። አይኔን ስዊቿ ላይ ተከልኩ። የሰካሁት በእጄ ነው፣ መልኳን አውቃለሁ። ባዶ መሆን የነበረበት ቀዳዳ ባዶ አይደለም።

«ይሄን ማን ሰካው?»

አንዱ አንዱን አየ።

«ማንም አይቆጣም። ማን ነው?»

ከጥግ አግዳሚው ላይ የማውቀው ድምፅ፦ «እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

አባ! መቼ ገቡ? መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። «መሬት ወድቆ አገኘሁት። ሰው ይረግጠዋል ብዬ ባዶ ቦታ ፈልጌ አገባሁት።»

አባ እኮ ናቸው። የወደቀ ቁራሽ አንስተው ስመው ከፍ ያለ ቦታ የሚያኖሩ፣ የወደቀ ነገር አይተው ማለፍ የማይችሉ። እኔ የሚነቅል ሰው ስጠብቅ ነው የከረምኩት። «አትሰኩ» የሚል ወረቀት የትም አልለጠፍኩም። ሁለቱም ኬብል ሲሰካ መልእክቱ በአንዱ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል፣ ተመልሶ ይሄዳል… መውጫ የለውም፣ እየበዛ መንገዱን ሁሉ ዘጋው።

ነቀልኩት። መብራቶቹ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመሩ። ከማዶ «ተነሳ! ተነሳ!» ሂዊ ጊዜ አላጠፋችም፣ ከረጢቱን ገና በእጁ የያዘውን የቁይ ልጅ ገደለችው። አዳራሹ ተናወጠ። ማንም አልወጣም!

አባ ግን ፊታቸው አመድ መስሏል። ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፦ «አበላሸሁብሽ?»

«ኧረ ምንም አይደል፣ አባ። ጨዋታ አይደል?»

ግንባሬ ላይ ያለውን ላብ አዩ። በርከክ ብዬ ያቆሸሽኩትን የበዓል ቀሚሴን አዩ።

«አይደለም» አሉ። «ጨዋታውስ እነሱ ጋ ነው። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ።»

እንባዬ መጣ። እሳቸው ቀጠሉ፦ «በዓልም ሽረሻል። እኔም ሰክቼ ሽሬያለሁ። ነገ ንስሐ አባታችን ጋ አብረን እንሄዳለን።» ጺማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሣቁ ነው! እኔም ለቀቅሁት። እንባና ሣቅ አንድ ላይ፣ ገዳሙ «ምን ነካት?» እያለ።

እስኪያበቃ ድረስ አባ ከስዊቿ አጠገብ አልተነሱም። እጁን የሰደደ ሁሉ መቋሚያ ይዘረጋበታል። አቶ ኃይለ ሚካኤል ሲወጡ ያሉኝ ይሄን ብቻ ነው፦ «የሚመጣው ቅዳሜ በጊዜ ክፈቺ። ልጅቷም ትምጣ፣ የአማኑኤሏ።»


ጥር 22፣ እሑድ

ንስሐ አባታችን ጋ ሄድን። ኔትወርክ ምን እንደሆነ ጠየቁ። አባ አስረዷቸው። አንዱም ልክ አይደለም። አላረምኳቸውም። ሁለታችንም ስግደት ተሰጠን፣ የአባ በዛ።


ጥር 28፣ ቅዳሜ

ክፍሉ ተከፈተ። ሞላ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ወፍጮውስ? ጋሽ አበባው ጠዋት ለገበያተኛው ፈጭተው ከሰዓት አጠፉት። «ለእናንተ ብዬ አይደለም፣ እኔም ልጫወት ነው» አሉኝ። የያዙት ኮምፒውተር እስከ ታች ነጭ ሆኗል፣ የትኛው ፊደል የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሂዊ ገደለቻቸው። ደግማ ገደለቻቸው። «ቆይ አንቺ ልጅ» ይላሉ ዱቄቱን እያራገፉ።

ሊመሽ ሲል አባ መጡ። ከአቶ ኃይለ ሚካኤል ጋር ተነጋግረው ነው የመጡት።

«ሰኞ ሰኞ ክፍሉ ባዶ ነው አሉ። የቅኔ ተማሪዎቼን አምጥቼ ልስጥሽ? በኮምፒውተር መጻፍ ታስተምሪያቸዋለሽ። ኃላፊው ፈቅደዋል።»

«እርስዎስ፣ አባ?»

«እኔ ገመዱን እጠብቃለሁ።»

ቤት ሳልገባ በእትዬ ሥራነሽ በኩል አለፍኩ። ዩፒኤሳቸውን ደህና መለስኩ። ልባቸው ደስ እንዳለው ቶሎ ልንገራቸው ብዬ፦ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ አልገባም።»

«ምነው፣ አመመሽ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ። ሥራ አለኝ።»