ዓባይ ስላጠበው ጸጉሬ

የኔዋ ይታይሽ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛውም በጮቄ ተራራ በኩል ማጉረምረም ጀምሯል። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። መልሱ እንደማይመጣ እያወቁ መጠየቅ ለኔ ልመና ይመስለኛል፤ ልመና ደግሞ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። እኔ ያለሁበትን ግን ልንገርሽ።

ሞጣ ገበያ ዋርካው ሥር የሚቀመጠው ደብዳቤ ጸሐፊ ይጽፍልሃል ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ይኼን ነገር ሌላ ሰው እጅ ውስጥ አላስገባም። ዳዊት ሳልጨርስ ከየኔታ ቤት መሸሼን ሁልጊዜ ትስቂብኝ ነበር። እኔ ሸሸሁ እንጂ ፊደሉ አልሸሸኝም፤ ይኸው በእርሳስ እየለቀምኩ እጽፋለሁ። ዛሬ የጀመርኩት ነገም ላያልቅ ይችላል። ቸኩሎ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። ከዓባይ ወጥቻለሁ። ወጥቻለሁ ማለቱ ለኩራቴ ብዬ ነው፤ አስወጥተውኛል። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ እየዋኘሁ ሰው ያሻገርኩበትን ውሃ አሁን ከገደሉ አፍ ላይ ሆኜ ነው የማየው። ስምሽንም እዚያው ውሃ ዳር ጥዬው መጣሁ። የምጽፍልሽ ስለዚህ ነው።

ቤቱ እንደነበረው ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል። በምሥራቅ በኩል ክዳኑ ያፈሳል። ቡሬዋን ላም ሸጥኳት፤ ካንቺ ሌላ የሚያልባት ሰው ስታይ ትራገጣለች፣ እኔም እንደ እሷው ነኝና አልተስማማንም። ልጃችን ሙሉ ከቢቸና በግንደወይን ነጋዴዎች በኩል «አባዬ እኛ ዘንድ ና» እያለች ትልክብኛለች። አልሄድም። አማች ቤት ጥግ ተቀምጬ ልጆች ሲያለቅሱ ዝም በሉ የምል ሽማግሌ አልሆንም።

ያ የጸጉር ቀለም እንዴት እንደገባብን ታስታውሺያለሽ? አንድ የጨው ነጋዴ ውሃው ዳር ቆሞ የራሴን ሽበት አየና፣ «ጎረምሳ ስጡኝ፤ ከሽማግሌ ጋር ሰምጬ ልጆቼን ላስለቅስ?» አለ። ጌታሁንን መርጦ ተሻገረ፤ ያኔ ጢም እንኳ ያላበቀለውን። እኔ መንገደኛ የማንሳፍፍበትን ስልቻ በትንፋሼ ነፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ያን ቀን ቤት ገብቼ እራት አልበላሁም። አንቺም ምነው አላልሽም። በሳምንቱ እናትሽን ልጠይቅ ብለሽ ቢቸና ወርደሽ፣ ከደጀን በመኪና የሚመጣውን ጥቁር የጸጉር ዱቄት በወረቀት ጠቅልለሽ መጣሽ። እኔ ተቆጣሁ፤ «ወንድ ልጅ ይኳላል?» አልኩ። «ጸጉርህን እንጂ ዓይንህን አልኳልኩህ» ብለሽ በሳቅ ገደልሽኝ።

ከዚያ ወዲያ ራሴ ያንቺ እርሻ ሆነ። ሕግሽን እስከዛሬ በቃሌ እደግመዋለሁ። ቅዳሜ ተቀብቼ ሰኞ እንጂ እሑድ አልወርድም፤ ቀለሙ ሁለት ቀን ማደር አለበት። የራስ መጠምጠሚያዬ የሚነከርበት ሰም ሦስት ጊዜ ፈልቶ ሦስት ጊዜ ይጠለላል። ከጉሎ ዘይት ጋር ይዋሐዳል እንጂ ከቅቤ ጋር አይደለም፤ ቅቤ የዓባይን በረሃ ፀሐይ አይችልም፤ አንገት ላይ ይወርዳል። ያንን ሰም የአቡጀዲ ጨርቅ ይጠጣና መጠምጠሚያ ይሆናል፤ ውሃ ላዩ ላይ እንደ ቅል ይንሸራተታል። ስዋኝ ራሴን አልነክርም። ስወጣ ከቤት ባመጣሁት ንጹሕ ውሃ አንገቴንና ግንባሬን እለቀለቃለሁ፣ የወንዙ ውሃ ደርቆበት እንዳይቀር። የማደርቀውም ጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ ጥቁሩን በልታ እንደ ቀበሮ ጭራ ታቀላዋለች ትይኝ ነበርና። ለዋናተኞቹ መጠምጠሚያው የመንገደኛ ጓዝ እንዳይቆረቁረኝ ነው አልኳቸው። ጓዝ ራሳችን ላይ አስረን ስለምናሻግር ማንም ነገሬ አላለው።

አንቺ ግን ዱቄቱን ስትገዢ የማን ነው ሲሉሽ የራሴ ነው አልሽ። ምንጭ ስትወርጂ ሴቶቹ «ይታይሽ ዳግመኛ ልትዳር ነው!» ይሉሽ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አለሚቱ ከሁሉም ትብስ ነበር፤ «ሞት ሲመጣ ወጣት መስላው እንዲያልፋት ነው» አለችሽ። ሻሽሽን ከራስሽ ሳታወርጂ፣ ስቀሽ እንስራሽን ተሸክመሽ ትመጫለሽ። እኔስ? ጠላ ቤት ውስጥ ወንዶቹ ስለ አንቺ ቀለም ሲሳለቁ አብሬ ሳቅሁ። «ሴት ልጅ ማርጀቷን መች ታምናለች» አልኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። እንዳልሰማሽ አስብ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን በዚያች መንደር ያንቺ ጆሮ የማያውቀው ነገር አልነበረም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጀመሪያውን በጋ በቀረው ቀለምና አንቺ በሰራሽው መጠምጠሚያ ተወጣሁት። ሁለተኛው በጋ ሲመጣ መጠምጠሚያው ተሰነጣጠቀ። ለሙሉ ብልክባት ትሰራልኝ ነበር። ለልጄ «አባትሽ ቀለም ይቀባል» ብዬ መላክ ሞት መሰለኝ። የጉሎ ዘይት የሚያወጡት ሴቶች ናቸው፤ እነሱንም አልጠየቅሁም። ዱቄቱን ብቻ ደጀን ለሚወርድ አህያ ነጂ አዝዤ፣ የበግ ቆዳ ማቅለሚያ ነው ብዬ አስመጣሁት።

ዘንድሮ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት፣ ከሞጣ ወደ በጌምድር የምትዳር ሙሽራ ነገ ትሻገራለች ተባለ። በመሻገሪያው ደንብ የሙሽራ ልብስ ስልቻው ላይ አይጫንም፤ ይረጥባል። በታመነ ዋናተኛ ራስ ላይ ታስሮ ይሻገርና ሙሽራዪቱ ከማዶ ትለብሰዋለች። የዋናተኞቹ አለቃ አያ ደሴ፣ «አንዳርጌ ይያዘው፤ የሱ ራስ ውሃ ነክቶት አያውቅም» ብሎ ላከብኝ። ሽበቴ ወጥቶ ነበር። እምቢ ብል ሽማግሌ ሆኗል ይሉኛል፤ እሺ ብል አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረኝ። ቅዳሜና ሰኞን የት ላምጣ? ከሰዓት በኋላ ተቀባሁ። ከጠጅ ቤት የተጣለ ሰፈፍ፣ ያልጠራ የማር ሰም፣ ለምኜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አፈላሁት፤ በጉሎው ፋንታ ቅቤ ጨምሬ አቡጀዲውን ነከርኩበት። ሲደርቅ ያንቺን መሰለኝ። እኔም እችላለሁ ብዬ ኮራሁ፤ እግዜር ያሳይሽ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ የፀሐይዋ ሙቀት ከድንጋዩ ላይ እየነጠረ ይመታን ነበር። አንገቴ ሲረጥብ ላብ ነው አልኩ። ንቦች ራሴን ይዞሩኝ ጀመር። ጌታሁን፣ «አያ፣ ቀፎ ተሸክመው ነው እንዴ የመጡት?» ብሎ ሳቀ። አራት ስልቻ ከእንጨት ጋር አስረን ሙሽራዪቱን ላዩ ላይ አስቀመጥናት፣ ጎረምሶቹ አዞ እንዲሸሽ ድንጋይ ወረወሩ፣ እኔ በነጭ ጋቢ የተጠቀለለውን ልብስ ራሴ ላይ አስሬ ገባሁ። በደንብ ነው የዋኘሁት፣ ይታይሽ። አንዲት ጠብታ ከላይ አላስነካሁትም። ያበላሸው ከታች የወጣው ነው።

ከማዶ ሚዜዎቹ ጋቢውን ፈቱት። ነጩ ቀሚስ ከደረቱ እስከ ወገቡ ጠቁሯል። አንዲቷ አክስት እጇን በአፏ ጭና፣ «ገና ደጃፉን ሳትረግጥ ከል?» አለች። ሙሽራዪቱ ሳትጮህ አለቀሰች፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እኔ የወንዝ ጭቃ ነው አልኩ። የጋቢው ቀለም ነው አልኩ። ልምል አፌን ስከፍት አያ ደሴ ቀሚሱን አሸተተ፤ መጠምጠሚያዬን ፈታና አንድ ቅል ውሃ ራሴ ላይ ደፋው። በጢሜ፣ በደረቴ፣ እስከ አሸዋው ድረስ ጥቁር ወረደ። ጌታሁን፣ «አያ አንዳርጌ፣ ዓባይን ቀለም አጠጡት!» አለ፤ ሰርገኛው ሁሉ ሳቀ።

እዚህ ላይ ሁለት ቀን እርሳሱን አስቀምጬ ነበር።

ሲስቁ ምን አልኩ መሰለሽ? «ሚስቴ ናት ያስለመደችኝ። እኔ እምቢ ስል በግድ የምትቀባኝ እሷ ነበረች። የሴት ነገር ነው» አልኩ። ከአፈር በታች ያለሽውን አንቺን መሃል አውጥቼ አቆምኩሽ። ሳቁ ወዲያው ቆመ። አያ ደሴ ዓይኔን እያየ፣ «ሽበትህ አላስጠላኝም፤ ሙት ላይ ማላከክህ ነው» አለ። «ከእንግዲህ ውሃ አትገባም። ከፈለግህ ዳር ተቀምጠህ ስልቻ ንፋ።» ስልቻ መንፋት የጀማሪ ሥራ ነው። ጥዬው ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ሙሽራዪቱ የሚዜዋን ቀሚስ ተውሳ መሄዷን ኋላ ሰማሁ። እስካሁን ከበጌምድር መርዶ መጣ ሲሉ የማን ነው ብዬ ሳልጠይቅ አልውልም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ አልኩ፤ ያጠፋሁትን ስምሽን መመለስ። በሰንበቴ ቀን ሰው ሁሉ ዳቦውን ይዞ እንደተቀመጠ ብድግ አልኩ። «ይታይሽ በሕይወቷ ቀለም ተቀብታ አታውቅም። ቀለሙ የኔ ነበር። እናንተ ስትስቁባት እኔም አብሬያችሁ ስቄባታለሁ» አልኩ። የሚጮህብኝ ሰው ፈለግሁ። ማንም አልጮኸም። እትዬ አለሚቱ አንገቷን ደፍታ፣ «እኛ እኮ አውቀናል፣ አያ አንዳርጌ» አለች። «የገነዝናት ቀን ሻሿን ፈታን። እንደ ጥጥ ነጭ ነበረች። ቀለሙ የማን እንደነበር ያን ለት ገባን።»

ለምን ዝም አላችሁ ብላቸው፣ «እሷ ዝም ብላ የሞተችበትን እኛ ምን ብለን እንናገረው? እርስዎ ይናገሩላታል ብለን ጠብቀን ነበር» አለች። ከዚያ ጽዋው ዞረ፤ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። እኔም ተቀመጥኩ። ለካ ያ ሁሉ መደበቅ ከሁለት ዓመት በፊት አልቆለት ነበር። ለካ በየመንገዱ ጤና ይስጥልኝ ሲሉኝ አንቺን እያሰቡ፣ እኔን እየጠበቁ ነበር። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ አፌን የከፈትኩት መጀመሪያ አንቺን ለመክሰስ ነው።

ቄሱ ንስሐ ሰጥተውኛል፤ እሰግዳለሁ። ልቤ ግን አልቀለለም። ይቅር በለኝ የምለው ለቄሱ አልነበረም። ይቅር ማለት የምትችይው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ በሕይወት ሳለሽ ግን ይቅር በይኝ አላልኩሽም።

ስለዚህ አልረሳሽም ብዬ በደረቁ አልጽፍልሽም፤ መርሳት እንደማልችል አንቺም ታውቂያለሽ። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው። አሁን ራሴ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «አያ አንዳርጌ፣ ሸበቱ እኮ!» ይለኛል። እኔም «ድሮም ሸብቼ ነበር፤ ይታይሽ ናት የሸሸገችልኝ» እለዋለሁ። ጠላ ቤትም፣ ገበያም፣ የማላውቀው መንገደኛም ቢሆን ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ። እስክሞት እለዋለሁ። ዓለም ሁሉ ይሰማዋል፣ ይታይሽ፤ የማትሰሚው አንቺ ብቻ ነሽ።

ባልሽ አንዳርጌ