የሐጃ ሰማያዊ ጣት

አማን፣ ኅዳር 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የእናታችን ጉልበት ተሻለው? የአገራችንን ወሬ በስልክ እየሰማሁ ነው፤ ሁላችሁም ደህና መሆናችሁን ጻፊልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኮሮናውም አልነካኝ፤ ደስታው ግን ሊገድለኝ ነው! ለገና እመጣለሁ! ቆይ፣ አትጩኺ፣ ከሥሩ ላውራልሽ። በስልክ የሚወራ ስላልሆነ ነው ወደ አገር በምትገባው በናርዶስ እጅ ይህን ደብዳቤ የላክሁልሽ።

ማክሰኞ እዚህ የፓርላማ ምርጫ ነበር። የአሠሪዬ የሚስተር ፋሪስ የአጎት ልጅም ተወዳድሮ ነበር። ሚስተር ወር ሙሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ድምፃችን ለወንድማችን ነው፣ የቀረ ከዘመድ አይቆጠርም ሲል ከረመ። እኛ ያለንበት የሀብታሞች ሰፈር፣ የአብዱን ሰው ግን፣ አይ የአብዱን ሰው! በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ማን ቢገባ ምን ሊለወጥ ይላል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ማርካ በሚባለው ሰፈር ቤት የምታጸዳው ጓደኛዬ እቴነሽ በድምፅ የላከችልኝን ብትሰሚ! እዚያ ሰዉ የዕጩውን ፎቶ መኪናው ላይ ለጥፎ፣ ጡሩንባ እየነፋ፣ ሰርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው። እኛ ሰፈር የምርጫ ምልክት ብዬ የማየው ከኩሽናዬ መስኮት ፊት ለፊት፣ የመብራት ፖሉ ላይ የተሰቀለውን የአንዲት ተወዳዳሪ አስተማሪ ፎቶ ብቻ ነበር። ሳህን ሳጥብ በየጠዋቱ ደህና አደርሽ እላታለሁ።

የምንከባከባት የሚስተር እናት፣ ሐጃ የምንላት፣ ካልመረጥኩ ሞቼ እገኛለሁ አለች። (አንቺ ማለቴን አትታዘቢኝ፤ ዐረብኛ አንቱ ስለሌለው ለምጄው ነው።) ልጇ በኮሮና ምክንያት ከበር እንዳትወጣ ከለከላት። ወደ እኔም ዞሮ፣ ብታስወጪያት የገናን ፈቃድ እርሺው፣ ወደ መጣሽበት ቢሮ ነው የምመልስሽ አለኝ። ያ ያስቀጠረኝ የሠራተኛ ቢሮ የተመለሰችበትን ሴት እንዴት እንደሚያሰቃይ ነግሬሻለሁ።

የምርጫው ዕለት ሚስተርና ሚስቱ ልንመርጥ ነው ብለው ወጡ። የመኪናው ድምፅ ገና ሳይጠፋ ሐጃ መታወቂያዋን ከጡቷ ሥር መዘዘች! እምቢ አልኳት፣ ለመንኳት፣ የገናን ነገር ነገርኳት። እሷም፣ ልጄ፣ የምበላውን፣ የምለብሰውን፣ የምተኛበትን ሰዓት የሚወስኑልኝ እነሱ ናቸው፤ ይህችን አንዲት ነገር አትንፈጊኝ አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እትዬ፣ አንጀቴን በላችው። ገናም ይቅር አልኩ።

ከዚያማ ግርግር ነው! ማስኩ፣ ጓንቱ፣ ሳኒታይዘሩ፣ ብርድ ልብሱ! ተሽከርካሪ ወንበሯን ቁልቁል እየገፋሁ ምርጫው ወዳለበት ትምህርት ቤት ወረድን። ሰልፍ የሚባል የለም፤ አስመራጮቹ ከመራጩ ይበዛሉ። ሰው ሲያዩ ጊዜ እንደ ሙሽራ ነው የተቀበሉን። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ አብሬያት እንድገባ ፈቀዱልኝ። ስትጨርስ መምረጧ እንዲታወቅ ጣቷ ላይ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረጉላት፤ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝና ለእኔም ደረሰኝ።

ቤት ስንገባ ቀለሙ አለቅም አለ! ድንች ሳይቀር በክሎር፣ በበረኪና ማለቴ ነው፣ የማጥብ ሰው፣ በሎሚ ብል፣ በሳሙና ብል፣ በክሎር ብል ወይ ፍንክች! ማታ እነሚስተር ተመለሱ፤ ልብሳቸው የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። በዚያው ምሽት ሙሉ ሰዓት እላፊ ተጀመረና እስከ እሑድ ጠዋት በር ተዘጋብን። ሐጃ ኮሮና ፈራሁ ብላ ጓንት አጥልቃ ትበላለች። የእኔን እንኳ ማንም አላየው፤ የሠራተኛ እጅ ጓንት ውስጥ ቢሆን ማን ይገረማል?

ሐሙስ ምሳ ላይ ያ የተወዳደረው የአጎት ልጅ ደወለ። ተሸንፏል። ከእናንተ ቤት እንኳ የመረጠኝ አለ ወይ እያለ ያማርራል። ሚስተር፣ ወላሂ እኔ በማለዳ ነው የሄድኩት አለው። ይኼኔ ሐጃ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀችና ሰማያዊ ጣቷን አፍንጫው ሥር ቀሰረችው። ከዚያ የእሱን እጅ ይዛ ገለበጠችው። ንጹሕ! አሥሩም ጣት ንጹሕ! ለካስ ማክሰኞ ዕለት ሥጋ ሲጠብሱ ነው የዋሉት!

ስልኩ እንደተዘጋ፣ ማን አስወጣሽ ብሎ ጮኸ። ሐጃም፣ ለአጎትህ ልጅ መልሼ ልደውልለት ወይ አለችው። ቀጥላም፣ ልጅቷስ ለገና አገሯ ትገባለች አይደል አለችው። ትገባለች አለ። ትኬቱን እዚያው እሷ ፊት በስልኩ ቆረጠ! እኔ ሳቄን ላፍን ኩሽና ገባሁ።

ማንን እንደመረጠች ልጇ እስካሁን አልጠየቃትም። አንቺ ግን መጠየቅሽ አይቀርም፤ አውቅሻለሁ። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ግርግር መነጽሯን ራስጌዋ ረስተነው ነበር የሄድነው። ያለ መነጽር ደግሞ የራሷን መዳፍ አታይም። ባለ ፎቶውን ወረቀት ሲሰጧት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ከእነዚህ ደግ ፊት ያለው የትኛው ነው አለችኝ። እኔም የማውቀውን ፊት አሳየኋት፤ ሌላውን ስመጣ እነግርሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት የአስተማሪዋን ፎቶ ከፖሉ አወረዱት፤ አላለፈችም አሉ። ጓንቴን አውልቄ በመስኮቱ ሰማያዊ ጣቴን አውለበለብኩላት።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ማርያም በሰላም ታገናኘን፤ ደጃችሁን ክፉ አይርገጠው። ቀለሙ እስከ ገና ከቆየ አሳይሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ